የ«ፔካቱም» ጾታ እና የሮሜ 5፥12 የላቲን ንባብ

የላቲኑ «ፔካቱም» የወጣው «ፔካሬ» ከሚለው ግስ ነው። ግሱ በጥንቶቹ ሮማውያን ዘንድ በአምላክ ላይ ማመፅን ሳይሆን መሳትን፣ መሰናከልን ነበር የሚገልጸው፤ ሆራስ ላረጀ ፈረስ መደናቀፍ እንኳ ተጠቅሞበታል። ኃጢአት የሚለውን ትርጉም ያጸናበት የክርስቲያኖች አጠቃቀም ነው። ቅርጹ ግን አልተለወጠም፤ ከግሱ ቅጽል የተወለደ፣ ወንዴም ሴቴም ያልሆነ፣ በሰዋስው ግዑዝ የሚባል ስም ነው።

ይህ ጾታ በምዕራቡ የጥንተ አብሶ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ከባድ ሚና ነበረው። ሮሜ 5፥12 ኃጢአት በአንድ ሰው፣ ሞትም በኃጢአት ወደ ዓለም እንደ ገባ ይናገርና «ኤፍ ሆ» በሚል የግሪክ ሐረግ የሁሉን መበደል ያስከትላል። የላቲኑ ተርጓሚ ሐረጉን «ኢን ኩዎ» አለው። «ኩዎ» ለወንዴም ለግዑዝም አንድ ነው። ስለዚህ አንባቢው «በእርሱ» ሲል አዳምን ወይም «ፔካቱም»ን ሊረዳ ይችላል። «ሞርስ»፣ ሞት፣ ግን በላቲን ሴቴ ስለሆነ ከምርጫው ውጭ ነው።

አውግስጢኖስ ጥንተ አብሶን ከካደው ከፔላጊዮስ ጋር በተከራከረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ሁለቱንም ንባብ ተቀብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ ግን የፔላጊዮስን ተከታዮች ሁለት ደብዳቤዎች ሲሞግት ወደ ግሪኩ ዞረ። «ሃማርቲያ»፣ ኃጢአት፣ በግሪክ ሴቴ ስለሆነች ተውላጠ ስሙ ወደ እርሷ ሊያመለክት አይችልም። በግሪክ ወንዴ የሆነውን ሞትን ደግሞ፣ ሞት ኃጢአትን ይከተላል እንጂ ኃጢአት ሞትን አይከተልም ብሎ አገለለው። የቀረው አዳም ነው፤ ሁሉ በእርሱ በደሉ።

ሙግቱ ጥንቁቅ ነው፤ እንዲያውም አውግስጢኖስ ግሪክን ችላ ብሏል የሚለውን የተለመደ ክስ ያለዝበዋል። ጉድለቱ ያለው ከጥያቄው ላይ ነው። ተውላጠ ስሙ የማን ነው ብሎ መጠየቅ «ኢን ኩዎ» ያመጣው ግዴታ ነው። በግሪኩ ሐረጉ ከየትኛውም ስም ጋር ሳይያያዝ «ስለ» የሚል ማያያዣ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ኤራስመስ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደዚህ ንባብ ሲያደላ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ በ1546 ድንጋጌው «ኢን ኩዎ»ን ጠበቀ። በ1979 የወጣው የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ እትም፣ አዲሱ ቩልጋታ፣ ግን ሐረጉን ለውጦታል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም «ስለ»ን ነው የያዘው።

ሐረጉ መታረሙ ግን ትምህርቱን ብቻውን አያፈርሰውም፤ አውግስጢኖስ በሕፃናት ጥምቀትና በመዝሙር 50ም ላይ ቆሞ ተሟግቷልና።