ከናውሲካ የተቆረጡት 22 ደቂቃዎች

በአሜሪካ የቪዲዮ ካሴት ዘመን የወጣ አንድ ፖስተር አለ። ጦረኛ የሚመስሉ ወንዶች ግዙፍ ፍጡር ላይ ተፈናጠው ይታያሉ። ከበስተኋላ አንዲት ልጅ በትንሹ ተሥላ ሰማይ ላይ ትንሳፈፋለች። ርዕሱ «የነፋስ ጦረኞች» ይላል። ካሴቱን ተከራይቶ እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ግን እነዚያን ወንዶች የትም አያገኛቸውም። ፊልሙ ውስጥ የሉም እኮ! ታሪኩ የልጅቷ ነው። እሷም ብትሆን ስሟን ተነጥቃለች፤ ናውሲካ መባሏ ቀርቶ ዛንድራ ሆናለች።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ጃፓን ውስጥ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሃያኦ ሚያዛኪ የፊልም ሐሳቦቹን ይዞ ቶኩማ ሾተን ለሚባለው አሳታሚ ቢያቀርብም፣ ቀድሞ በማንጋ ያልወጣ ታሪክ ለፊልም አይሆንም ተባለ። እሱም መላ አላጣም፤ ማንጋውን ራሱ ሣለው። «የነፋሱ ሸለቆ ናውሲካ» በ1982 አኒሜጅ በተባለ መጽሔት መውጣት ጀመረ፤ ተወደደ፤ በመጋቢት 1984 ደግሞ ፊልም ሆኖ ሲኒማ ቤት ገባ። ፕሮዲዩሰሩ ኢሳኦ ታካሃታ ነበር፤ ሙዚቃውን የሠራው ጆ ሂሳይሺ ነው። ርዝመቱ 117 ደቂቃ። በቀጣዩ ዓመት ስቱዲዮ ጂብሊ የተቋቋመው በዚህ ፊልም ስኬት ላይ ቆሞ ነው።

ታሪኩ የሚሆነው ከሺህ ዓመት በፊት በጦርነት በጋየች ዓለም ላይ ነው። የተረፈውን መሬት መርዝ የሚተፋ ጫካ ቀስ በቀስ እየዋጠው ነው። በጫካው ውስጥ ኦሙ የሚባሉ፣ ቤት የሚያክሉ ነፍሳት ይኖራሉ። ጦሯን አስከትላ ሸለቆውን የምትወርረው ልዕልት ኩሻና የሚታያት መፍትሔ አንድ ነው፦ ጫካውን ከነነፍሳቱ ማቃጠል። ናውሲካ ግን የጫካውን ዕፅዋት በድብቅ ክፍል ውስጥ ታበቅላለች። ንጹሕ ውሃና ንጹሕ አፈር ካገኙ መርዝ እንደማያወጡ ደርሳበታለች። ኋላ ከጫካው ሥር ስትወድቅ ደግሞ ሙሉው እውነት ይገለጥላታል። አፈሩን የመረዘው ሰው ነው፤ ጫካው መርዙን እየመጠጠ ምድርን ያጸዳል፤ ነፍሳቱም ይህን ሥራ የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው።

ሚያዛኪ ይህንን ዝም ብሎ አልፈጠረውም። በጃፓኑ የሚናማታ የባሕር ወሽመጥ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ የደፋው ሜርኩሪ መጀመሪያ ዓሣውን፣ ቀጥሎ ዓሣ በላተኛውን ሰው መርዟል። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው። ሰው በዚያ ማጥመዱን ሲተው ግን ዓሣው እንደገና ተራባ። ይህ ነገር ለናውሲካ መነሻ ከሆኑት አንዱ እንደሆነ ሚያዛኪ ተናግሯል። ስሟም እንዲሁ የመጣ አይደለም። ናውሲካ በጥንታዊው የግሪክ ትረካ በኦዲሴ ውስጥ ያለች ልዕልት ናት፤ ጠባይዋ ደግሞ በአንድ የጥንት የጃፓን ተረት ውስጥ ነፍሳት ከምትወድ የመኳንንት ልጅ የተቀዳ ነው። ዛንድራ ስትባል ሁለቱም ዝምድናዎች ተበጠሱ።

ፊልሙን ለአሜሪካ የገዛው ኒው ወርልድ ፒክቸርስ ነበር። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አኒሜሽን የልጆች ነገር ነው፤ ልጅ ደግሞ ይሰለቻል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚሄደው ይውጣ፣ ውጊያው ይቅር ተባለ። 22 ደቂቃ ያህል ተቆረጠና 95 ደቂቃ ብቻ ቀረ። ከሙሉው ፊልም ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ግን የተቆረጠው የትኛው እንደሆነ ልብ በሉ፤ ስለ ጫካውና ስለ ነፍሳቱ ምንነት የሚያስረዳው ክፍል ነው ክፉኛ የተጎዳው። በላዩ ላይ ንግግሩ ተቀየረ። ኦሙዎቹ «ጎርጎን» ተባሉ፤ ጎርጎን በግሪክ ተረት ያያትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርግ ጭራቅ ናት። በቃ፣ ዘበኞቹ ጠላት ሆኑ። ይህ እንግዲህ ማሳጠር ብቻ አይደለም። ሙሉው ፊልም ኩሻናን ተሳስተሻል ይላታል፤ የተቆረጠው ፊልም ግን ሳያስበው ከእሷ ጋር ይስማማል።

ይኸው ቅጂ አውሮፓም ገባ። ፈረንሳይ ውስጥ ካገኛቸው ስሞች አንዱ «የከዋክብት ልዕልት» ሲሆን፣ ጀርመን ውስጥ ደግሞ «የከዋክብት ጦረኞች» ተባለ። ፊልሙ ውስጥ ወደ ኮከብ የሚሄድ አንድም ሰው የለም! የጠፈር ውጊያ ፊልሞች የሚሸጡበት ዘመን ስለነበረ ነው።

ማንጋው ከ1988 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲወጣ አንባቢዎች ሁለቱን ማነጻጸር ቻሉ። ጂብሊዎችም ትምህርት አግኝተዋል። ቶኩማ በ1996 ከዲዝኒ ጋር የጂብሊን ፊልሞች በውጭ ለማሠራጨት ሲዋዋል፣ ፊልሞቹ እንዳይቆረጡ የሚል ግዴታ ገባበት። ፈተናው ብዙም አልዘገየም። «ልዕልት ሞኖኖኬ» በ1997 በጃፓን የገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ለአሜሪካ ያዘጋጀው ደግሞ የዲዝኒ ንብረት የነበረው ሚራማክስ ነው። የሚራማክሱ ሃርቪ ዋይንስታይን ከሁለት ሰዓት በላይ የሆነውን ፊልም ወደ 90 ደቂቃ ማውረድ ፈለገ። ከጃፓን በኩል የተሰጠው መልስ የሳሙራይ ሰይፍና ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነበሩ፦ «ኖ ከትስ»፤ መቁረጥ የለም። ብዙ ሰው ይህንን የሚያዛኪ ሥራ አድርጎ ያወራዋል። ሚያዛኪ ራሱ ግን ያደረገው ፕሮዲዩሰሩ ቶሺዮ ሱዙኪ እንደሆነ ተናግሯል።

ታዲያ የእንግሊዝኛው ቅጂ ምንም አልተነካም ማለት አይደለም። ንግግሩን ያዘጋጀው ደራሲው ኒል ጌይማን ነው። አንድ መነኩሴ መሰል ሰው ሾርባ ቀምሶ ውሃ ውሃ ይላል የሚልበት ቦታ አለ። ለጃፓን ጆሮ ይህ ከባድ ስድብ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ምንም አይመስልም። ጌይማን «የአህያ ሽንት» አደረገው። ለእኛ ቢሆን ኖሮ መቀየርም አያስፈልግ ነበር፤ እስቲ ወጥ የሠራችላችሁን እናት «ውሃ ውሃ ይላል» በሏትና ፊቷን እዩት! ቃሉ ተቀይሮ ስድቡ ስድብ ሆኖ ቀረ። የኦሙ ስም ጎርጎን ሲሆን ግን የተቀየረው ፍርዱ ነው።

የሱዙኪ ሰይፍ ብር አላመጣም። ያልተቆረጠው ሞኖኖኬ በ1999 አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገብቶ 2 ሚሊዮን ተኩል ዶላር እንኳ አልሞላለትም። ነጋዴው «ብያለሁ እኮ» ማለት ይችል ነበር። ግን ጂብሊዎች አቋማቸውን አልለወጡም። ቀጣዩ የሚያዛኪ ፊልም፣ «ስፒሪትድ አዌይ»፣ በ2003 ኦስካር ተሸለመ። ናውሲካም በ2005 በዲዝኒ አዲስ የእንግሊዝኛ ድምፅ ተሠራላት፤ ኡማ ተርማን ኩሻናን፣ ፓትሪክ ስቱዋርት አዛውንቱን ዩፓን ሆነው ተጫወቱ። 117 ደቂቃ፣ ከነስሟ፣ ከነኦሙዎቿ። እስኪመለስላት 20 ዓመት ፈጀ።

ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ እኛም የቱርክ ተዋናይ በአማርኛ ሲያለቅስ እያየን አድገናል። ስለ ዳብ የምንከራከረው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ከአፉ ጋር ሄደ አልሄደም፣ ባህላችንን ይጎዳል አይጎዳም እያልን ነው። ከመጀመሪያው ፊልም ምን ያህል እንደደረሰን የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። ናውሲካን ፈልጋችሁ ለማየት ካሰባችሁ በየትኛውም ቋንቋ እዩት። ብቻ ከመጀመራችሁ በፊት ርዝመቱን ተመልከቱ። 95 የሚል ከሆነ የኩሻናን ፊልም ነው የያዛችሁት።