የ2013ቱ የሴቶች ሊግ እና የኛ ልጆች

2013 ዓ.ም ሲባል ቡለን ላይ ኳስ ትዝ የሚለው ሰው የለም። ታኅሣሥ 14 በኩጂ ላይ ከ100 በላይ ሰው ያለቀበት ዓመት ነው። የተረፈው ግማሹ ወደኛ ከተማ፣ ግማሹ ወደ ቻግኒ ተሰደደ።

ግን በዚያው ዓመት የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ነበር። የ2012ቱ በኮሮና ተቋርጦ ነበር የቀረው። የወንዶቹ ሊግ በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ፤ የሴቶቹን ግን እኛ በወሬ ነበር የምንሰማው። ዋንጫውን የአሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ንግድ ባንክ በላ።

ካፍ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግን የጀመረውም ያኔ ነው። ንግድ ባንክ ለማጣሪያው ኬንያ ሄዶ ፍጻሜ ላይ በቪሂጋ ኩዊንስ 2ለ1 ተሸነፈ። በ2014 ሲምባ ኩዊንስ አለፈ። በ2015 ፍጻሜ ደርሶ በጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ወደቀ። በ2016 ነሐሴ መጨረሻ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1ለ0 ረትቶ ወደ ሞሮኮ ተሻገረ። እዚያ ከምድቡ አላለፈም፤ ግን ደረሰ።

ሊግ ማለት ለኔ ይሄ ነው፦ ዘንድሮ ብትሸነፍ ለከርሞ ትመለሳለህ።

ታናሽ እህቴ ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ከሷ ጋር ሜዳ ላይ ይራገጡ የነበሩ ልጆች በዚያ ዓመት ተበታተኑ። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ወጥታ ነው ሎዛ የሆነችው፤ ስለዚህ የከተማ ትንሽነት ሰበብ አይሆንም። የኛ ልጆች ያጡት ከርሞን ነው።

እስቲ ከቡለን የወጣችሁ፣ አብራችኋቸው የተጫወታችሁት ልጆች ዛሬ የት ናቸው?