የጨረቃ መንገደኞች ልብስ

ልብስ ለሰው ልጅ ጌጥ ከመሆኑ አስቀድሞ መጠጊያ ነው። በጋይንትና በእስቴ ደጋ የሚኖር እረኛ ወደ ጉና ተራራ ሲወጣ ባናውን የሚደርበው ለማማር ሳይሆን ውርጩን ለመመከት ነው። የጉና ራስ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል፥ እዚያ የደረሰ ሰው ብርዱን በልብሱ ቢከላከል እንኳ አየሩ ስለሚሳሳበት ትንፋሽ ያጥረዋል። እንግዲህ አየር ፈጽሞ ወደሌለበት ወደ ጨረቃ የሚሄድ ሰው ምን ሊለብስ ይገባዋል? ብዙ ሰው የመንኰራኵሩን እሳትና ጩኸት ሲያደንቅ የልብሱን ስፌት አላስተዋለምና፥ ታሪኩን በአጭሩ ልንጽፈው ወደድን።

በጨረቃ ላይ ቀን ሙቀቱ እስከ 120 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች ከ130 ዲግሪ ያልፋል። አየር የሚጫነው ስለሌለም በሰውነት ላይ ያለ እርጥበት እሳት ሳይነካው ይፈላል። ስለዚህ የመንገደኛው ልብስ አየር የሚይዝ፥ ሙቀትና ብርድን የሚከለክል፥ ሆኖም እንደ ልብ የሚታጠፍ ትንሽ ቤት ሊሆን ግድ ነበረ።

የዚህን ሥራ ጭንቅ አስቀድመው የቀመሱት ሩስያውያን ናቸው። መጋቢት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. አሌክሲ ሊዮኖቭ ከመንኰራኵሩ ወጥቶ በጠፈር ውስጥ 12 ደቂቃ ያህል ቆየ። ነገር ግን ልብሱ እንደ አቁማዳ ተነፍቶ ስለ ደነደነ መመለስ አቃተው፤ ከልብሱ ውስጥ አየር ጥቂት በጥቂት አስተንፍሶ በብርቱ ድካም ገባ። በማግሥቱ ዓመት ግንቦት 28 ቀን አሜሪካዊው ዩጂን ሰርናን እንዲሁ በጠፈር ሲሠራ ገላው እጅግ ግሎ፥ የፊቱ መስተዋት በእንፋሎት ተሸፍኖ ማየት ተሳነው። ስለዚህ ለጨረቃ በተዘጋጀው ልብስ መጋጠሚያዎቹ በጎማ እጥፋት ተሠሩ፤ ከውስጥም ቀዝቃዛ ውሃ በገላ ዙሪያ የሚያመላልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች የተሰፉበት ልብስ ተጨመረ።

ይህን ልብስ ለመሥራት በ1957 ዓ.ም. በተደረገው ውድድር ያሸነፈው፥ በደላዌር ክፍለ ሀገር በዶቨር ከተማ የሚገኝና የሴቶችን የውስጥ ልብስ በመስፋት የታወቀ ኩባንያ ነበር። 21 ንብርብር ያለውን ልብስ በመኪና የሰፉት ሴቶች ናቸው፤ ከነሱም ኢሊኖር ፎራከር የተባለችው የሰፊዎቹ አለቃ ነበረች። ስፌቱ ከመሥመሩ አንድ ሚሊሜትር ቢወጣ ተቀባይነት አልነበረውም። አንዲት ስፒል በንብርብሩ መካከል ተረስታ ብትቀር የሰውን ሕይወት ታጠፋለችና፥ ልብሱ በራጅ ይመረመር ነበር። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ አንዲት ምልክት ቢስት መምህሩ ዝም ብሎ እንደማያልፈው፥ በዶቨርም ያለ ምስክር ያለፈ ስፌት አልነበረም።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ያለ ምክንያት አይደለም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1959 ዓ.ም. በሂውስተን ከተማ አየሩ በተሳበ ክፍል ውስጥ ጂም ለብላንክ የተባለ ሰው ልብሱን ሲፈትን የአየሩ ቱቦ ተነቀለ። በ14 ሰከንድ ያህል ጊዜ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ባልደረቦቹ ፈጥነው አየር ስለ ለቀቁለት ዳነ። የመጨረሻ ትዝታውም ምራቁ በምላሱ ላይ ሲፈላ እንደ ነበረ ተናገረ።

ጥር 19 ቀን በዚያው ዓመት ግን የመጣው መከራ ምሕረት አልነበረውም። ገስ ግሪሶም፥ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ መንኰራኵራቸው ገና ከምድር ሳይነሣ ለልምምድ ተዘግቶባቸው ሳሉ እሳት ተነሣ። ክፍሉ በንጹሕ ኦክስጅን የተሞላ፥ በሩም ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበርና ሦስቱም ሞቱ። ከዚህ በኋላ በሩ በጥቂት ሰከንድ ወደ ውጭ እንዲከፈት ሆኖ ተሠራ፤ መንኰራኵሩ ሲነሣ በክፍሉ ያለው አየር 60 እጅ ኦክስጅንና 40 እጅ ናይትሮጅን እንዲሆን ተደረገ፤ የልብሱም የላይኛው ድርብ ከመስተዋት ክር በተሠራ፥ እሳት በማይበላው ጨርቅ ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. በአገራችን ሰዓት ከሌሊቱ ለ12 ሰዓት 4 ደቂቃ ሲቀረው ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን ረገጠ። እርሱና ባዝ አልድሪን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በውጭ ቆዩ። በምድር 80 ኪሎ ያህል የሚመዝነው ልብስና የጀርባ ሸክም በዚያ ስድስተኛ እጁን ብቻ ከበደ። በመስተዋታቸው ላይ የተቀባው ስስ ወርቅም ለጌጥ ሳይሆን የፀሐይን ብርታት ከዓይናቸው ለመመለስ ነበር። በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ መንገደኞች ሦስት ጊዜ፥ በየጊዜውም ከ7 ሰዓት በላይ፥ በጨረቃ ላይ ሲመላለሱ ስለታም አቧራዋ ልብሳቸውን ፈገፈገው፤ ስፌቱ ግን ጸና። ጨረቃን የረገጡት 12 ሰዎች ሁሉ በደኅና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በ2014 ዓ.ም. አክሲዮም ለተባለ ኩባንያ አዲስ የጨረቃ ልብስ እንዲሠራ ትእዛዝ ተሰጥቶታል። አዲሶቹ ሰፊዎች ከቀደሙት የሚወርሱት ትልቁ ነገር ጨርቁ አይደለም፤ ጕድለትን ሳይሸሽጉ በጊዜው ማረም ነው። በምድር ላይ የተፈታ ስፌት በመርፌ ይጠገናል፤ በጨረቃ ላይ የተፈታ ግን የሰው ነፍስ ያስከፍላል። የሦስቱ ሰዎች ሞት ይህን አስተምሯልና፥ የአሥራ ሁለቱ መመለስ ሲነገር የነሱም ስም አብሮ ሊነሣ ይገባል።