የጠፋ ውሻ ምልክት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ውሻችን ጠፋ። ልጆች ችቧቸውን አቀጣጥለው እሳቱን ሲዘሉ ከማዶ ሠፈር ርችት ተተኮሰ፤ የግቢያችን በር ለእንግዳ እንደ ተከፈተ መቅረቱ ትዝ ያለን ቡቺን ለራት ስንጠራው ነው። የውሻ ጆሮ ከሰው ጆሮ እጅግ የሰላ ነውና ለእኛ የደስታ የነበረው ድምፅ ለእርሱ የጦርነት ነበር።

በማግሥቱ፣ በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን፣ ራሴን የጽሑፍ ሰው አድርጌ የምቆጥረው እኔ ወረቀት አውጥቼ እንዲህ ስል ጻፍሁ፤ «ቡናማ ውሻ ጠፍቷል። ላገኘልን ወሮታውን እንከፍላለን።» ከሥሩ የስልክ ቁጥሬን አክዬ በየምሰሶው ለጠፍሁ። ወደ ማታ አራት ሰዎች ደውለው አራት ቡናማ ውሾች እንዳዩ ነገሩኝ። ከእነርሱ መካከል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የጠየቀኝን ግን አልረሳውም፤ «ጋሼ፣ ቡናማ ውሻስ ሞልቷል፤ የእርስዎ ምልክቱ ምንድን ነው?»

ዝም አልሁ። ሰባት ዓመት በአንድ ግቢ አብሮኝ የኖረውን እንስሳ መልኩን አላውቀውም ነበር።

እንቅልፍ እምቢ ባለኝ በዚያ ሌሊት ትዝ ያለኝ አንድ የቆየ ማስታወቂያ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ አባቱ እ.ኤ.አ. በ1649 አንገቱ ከተቀላ በኋላ በስደት ኖሮ በ1660 በሜይ ወር መጨረሻ ለንደን ገባ። ዙፋኑ ላይ ገና ተደላድሎ ሳይቀመጥ ታዲያ ውሻው ጠፋበት። «መርኩሪየስ ፑብሊከስ» የተባለው ጋዜጣ በዚያው ዓመት በጁን ወር አንድ ጊዜ ማስታወቂያ አወጣ፤ ውሻው አልመጣም። በወሩ መጨረሻ ሁለተኛው ወጣ፤ ይህንኛውን ንጉሡ ራሱ ሳይጽፈው አልቀረም የሚሉ አሉ። አነጋገሩን ላየ ሰው ግምቱ ከንቱ አይመስለውም። ውሻው ጥቁር ነው፤ ቁመናው በሩጫ ውሻና በስፓንየል መካከል ነው፤ ደረቱ ላይ ካለችው ሰረዝ በቀር ነጭ የሚባል ነገር የለበትም፤ ጅራቱም ጥቂት ተቆርጧል። ከዚህ በኋላ ምሬቱ ይከተላል። ውሻው ጌታውን ጥሎ የሚሄድ ስላልሆነ ያለ ጥርጥር ተሰርቋል ይላል። ንጉሡን መዝረፍ አይበቃቸውም ወይ፣ አንድ ውሻ እንኳ አይኖረው ወይ ብሎም ይጠይቃል። በመጨረሻም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ማንም ደጅ ጠንቶ ያልለመነው ሹመት የዚህ ውሻ ቦታ ብቻ መሆኑን ያስታውሳል። መንግሥቱን ተቀምቶ የነበረ ሰው ቀልድ ነው፤ ቁስሉ ከሥሩ ይታያል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ቀልዱ ሳይሆን በደረቱ ላይ ያለችው ሰረዝ ናት። ስንት አገራዊ ጣጣ የሚጠብቀው ንጉሥ ውሻውን አስተውሎ አይቶት ነበር።

እኛስ የምናይበት ቃል አጥተን ነውን? የገጠር እረኛ በሬው ሲጠፋበት «ቡናማ በሬ» ብሎ አይጠይቅም። ቡሬ ነው ይላል፤ ዳልቻ ነው ይላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ካለበት ቦቃ ነው ይላል፤ የቀንዱን አወጣጥና የጆሮውን ቅድ ሳይቀር ይቆጥራል። ፈረስ ሲሆንማ ጉራቹና ዳማው ከጌታው ስም ጋር ይነሣል፤ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሰዎች ነን። ይህ ሁሉ ቃል በቋንቋዬ ውስጥ እያለ እኔ ግን «ቡናማ» ብዬ ነበር።

ሲነጋ ነገሩን ለእናቴ አጫወትኋት። እናቴ በልጅነቷ ከብት ጠብቃለች። «አንተ ልጅ፣ ዓይንህ የት ነበር?» ብላ ገሠጸችኝና እንደ ቃል ጸሐፊ አስቀምጣ ታስጽፈኝ ጀመር፤ የግራ ጆሮው ጫፉ ተሰንጥቋል፤ ከቀኝ የፊት እግሩ ሁለት ጣቶቹ ነጭ ናቸው፤ ጅራቱ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፤ ምግብ ሲሰጡት ሳይቀመጥ አይቀበልም። የመጨረሻዋን ልጽፋት ስል እጄን ያዘችኝ። «እርሷን ለራስህ አስቀራት። አገኘሁ የሚል ሲመጣ ትጠይቀዋለህ።»

ይህች ምክር በሦስተኛው ቀን ዋጋዋን አሳየች። አንድ ሰው ደውሎ ውሻው በእጁ እንደሚገኝ፣ ሁለት ሺህ ብር ካልላክሁለት ግን እንደማላየው ነገረኝ። ምግብ ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። «ይበላል እንጂ ምን ያደርጋል!» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እውነት ለመናገር፣ ያስቀረኋት ምልክት ባትኖር ኖሮ ገንዘቡን እልክ ነበር። ወንድሜ «ለሌባ አይከፈልም» ብሎ ሲቆጣኝ ኤልሳቤጥ ባሬትን አሰብሁ። ይህች ባለቅኔ በለንደን ዊምፖል ጎዳና በሕመም ተይዛ ከክፍሏ እምብዛም ሳትወጣ ስትኖር «ፍለሽ» የሚባል ስፓንየል ውሻ ነበራት፤ ሌቦች ሦስት ጊዜ ሰረቁባት። በዚያ ዘመን ውሻን ሰርቆ ለባለቤቱ መልሶ መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ነበር። የቆየው የአገሩ ሕግ ውሻን እንደ ሌላው ንብረት አይቆጥረውም ነበርና ፓርላማው በ1845 የውሻ ስርቆትን የሚመለከት ልዩ ሕግ እስኪያወጣ ድረስ ሌቦቹ በቀላሉ ያመልጡ ነበር። ሕጉም ወጥቶ ግን ፍለሽ በ1846 በሴፕቴምበር ለሦስተኛ ጊዜ ተወሰደ፤ ባለቤቱ ሠረገላዋ ውስጥ እስክትገባ ባለችው ቅጽበት ከእግሯ ሥር አፈፉት። አባቷ እንዳይከፈል አዘዘ። እጮኛዋ ሮበርት ብራውኒንግም ለሌባ መክፈል ሌባን ማደለብ ነው ሲል ጻፈላት። እርሷ ደግሞ በኢጣሊያ ሽፍቶች እኔን ቢይዙኝና ጆሮዬን ቆርጠን እንልካለን ቢሉህስ እንዲሁ ትላለህን ስትል መለሰችለት። በዚህ አላበቃችም። ከክፍሏ የማትወጣው ሴት ከደንገጡሯ ጋር በኪራይ ሠረገላ ተሳፍራ እስከ ሌቦቹ ሠፈር ድረስ ሄደች። ፍለሽ ተመለሰ። በዚያው ወር 12ኛው ቀን ከሮበርት ጋር በምስጢር ተጋቡ፤ በሳምንቱም ውሻውን ይዘው ወደ ኢጣሊያ ኮበለሉ። ቨርጂንያ ዉልፍ በ1933 የፍለሽን የሕይወት ታሪክ ስትጽፍ ሦስቱን ስርቆቶች ወደ አንድ አጠፈቻቸው፤ ለሌቦቹ በድምሩ የተከፈለው ግን ሃያ ፓውንድ መሆኑን በማስታወሻዋ አልደበቀችም። ክርክሩ ማን ትክክል እንደ ነበረ ዛሬም አልተቆረጠልኝም፤ ሮበርት በሐሳቡ ልክ ነበር፣ ልቤ ግን ከእርሷ ጋር ነው።

ለባዘኑት ባለቤት የሚፈልግ ቤት በለንደን የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት በ1860 አቋቋመችው፤ በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛወረ፤ ዛሬም አለ። ዘመኑ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል መለያ ፈጥሯል። ከውሻው ቆዳ ሥር ትቀበራለች፤ ባትሪ የላትም፤ ውሻው ያለበትን ቦታም አትናገርም። በማንበቢያ መሣሪያ ሲያልፉባት አሥራ አምስት አሃዝ ብቻ ታሳያለች። ቁጥሩም በመዝገብ ላይ ከባለቤቱ አድራሻ ጋር ካልተያያዘ፣ ወይም ባለቤቱ ቤት ቀይሮ ካላሳወቀ፣ ዋጋ የለውም። በእንግሊዝ ከ2016 ጀምሮ ለውሻ ሁሉ ግዴታ ሆናለች። እኛ ዘንድ ገና እምብዛም ስላልተለመደች፣ የቡቺ ተስፋ የእናቴ ቃልና ሁለተኛው ማስታወቂያዬ ብቻ ነበሩ።

በዘጠነኛው ቀን ከቤታችን አራት መቶ ሜትር እንኳ ከማይርቅ ሥጋ ቤት ተደወለ። (እኔ በታክሲ ሦስት ክፍለ ከተማ ዞሬ ነበር!) ባለ ሥጋ ቤቱ ከጓሮው ወስዶ አሳየኝ፤ በገመድ ታስሮ፣ ከስቶ፣ ነገር ግን ደኅና ነበር። በዚያው ሰሞን ለባዘኑ ውሾች መርዝ መጣሉን ሰምቶ ኖሮ እንዳይወጣ ያሰረው እርሱ ነው። ኦሪት ዘዳግም የወንድምህ እንስሳ ጠፍቶ ብታገኘው፣ ባለቤቱንም ባታውቀው፣ እስኪፈልገው ድረስ በቤትህ ይሁን እንደሚል አስታውሼ እጁን ያዝሁ። አንገቱ ላይ ማሠሪያ እንኳ ያልነበረውን ውሻ ባለቤት እንዳለው በምን እንዳወቀ ጠየቅሁት።

«ቁራጭ ሥጋ ስሰጠው» አለ፣ «መጀመሪያ ቁጭ አለ።»

ወሮታውን አልቀበልም ብሎ ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ሁለት ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ወጣሁ።

ዛሬ ቡቺ ስልክ ቁጥሬ የተጻፈበት የቆዳ ማሠሪያ አለው። በየዓመቱ በዋዜማው ችቦ ሳይለኮስ እናቴ ወጥ ቤት አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ አጠገቡ ትቀመጣለች። ምልክቶቹን የጻፍሁበትን ወረቀት ወደ ደብተር ገልብጬዋለሁ፤ አዲስ ነገር ባየች ቁጥር ጠርታ ታስጨምረኛለች። በዚህ ዓመት ያስጻፈችኝ አንድ መስመር ነው፤ አገጩ ሥር ሸብቷል።