የበጎ አድራጎት ሠራተኛና የምስክርነት ግዴታ፦ አጭር የታሪክ ቅኝት

የሕክምና ሥነ ምግባር የታካሚን ምስጢር እንድንጠብቅ ያዘናል። ሆኖም የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ በብዙዎች ላይ የደረሰ ጉዳት ቢመለከት፣ ያየውን መናገሩ የሙያ ግዴታ ነው ወይስ የፖለቲካ ተሳትፎ? ጥያቄው በአገራችን የቆየ ነው።

ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ወደ እስረኞችና ወደ ቁስለኞች የሚያደርሰው በር እንዳይዘጋበት ሲል ሠራተኞቹ ያዩትን በአደባባይ እንዳይገልጹ ያደርጋል። በቢያፍራ ጦርነት (1967–1970 እ.ኤ.አ.) በቀይ መስቀል ሥር ካገለገሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች አንዳንዶቹ ግን ይህን ዝምታ ተቃወሙ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንን ከመሠረቱትም መካከል ሆኑ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የቡድኑ የፈረንሳይ ክፍል ወሎ ውስጥ ይሠራ ነበር። ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ የተጓጓዘበት የደርግ የሰፈራ ዘመቻ በግዳጅ እንደሚካሄድና ሕይወት እንደሚቀጥፍ በይፋ በመናገሩ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ሌሎች ብዙ ድርጅቶች የተራበውን ሕዝብ ጥለን አንሄድም በማለት በዝምታ ቀጠሉ። ሁለቱም ወገኖች ምክንያት ነበራቸው።

የተባረረው የውጭ ሐኪም ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ኢትዮጵያዊው ባልደረባ ግን መሄጃ የለውም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የአክሽን ኤድ ኢትዮጵያ የፖሊሲ ክፍል ኃላፊ የነበሩት አቶ ዳንኤል በቀለና የማኅበራዊ ፍትሕ ድርጅት መሥራች አቶ ነፃነት ደምሴ በጥቅምት 1998 ታሰሩ። አብረዋቸው የተከሰሱት ፖለቲከኞች በ1999 በይቅርታ ሲፈቱ፣ ሁለቱ የይቅርታውን ሰነድ አልፈርምም በማለታቸው ተፈርዶባቸው እስከ መጋቢት 2000 ቆዩ። ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማሩ ከለከለ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሻረ፤ አቶ ዳንኤልም በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆኑ።

ሕጉ ቢሻሻልም ጥያቄው አልተዘጋም። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በቡራዩ በደረሰው ጥቃት በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ተፈናቅለዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያክምና የሚረዳ ባለሙያ ከማንም በፊት ቁስሉን ያያል። ስለዚህ ድርጅቶች ምስክርነትን ከፓርቲ ድጋፍ የሚለይ፣ ማን እንደሚናገር የሚወስን፣ ከሁሉም በላይ ለተናገረው ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ማን እንደሚቆምለት የሚገልጽ ደንብ አስቀድመው ሊጽፉ ይገባል። ችግሩ ከደረሰ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ሠራተኛውን አያድነውም።