ደራሲውና የድርሰቱ ባለቤትነት

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ዘወትር የሚነገረው የሌላውን ንብረት ተውሶ ሊያጌጥ ስለሚሻ ሰው ነው። ነገር ግን የድርሰትን ታሪክ የመረመረ ሰው ተረቱን ገልብጦ ሊያየው ይችላል፤ በዚህ ዓለም የራሱን ወርቅ ለሌላ አስረክቦ፣ ሌላው ሲያጌጥበት ከሩቅ ቆሞ የሚመለከት ደራሲ ብዙ ነውና። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው በአንዲት ከተማ ተወልደው፣ በአንድ ዓይነት የጽሕፈት ሥራ ተሰማርተው፣ ዳሩ ግን በባለቤትነት ረገድ በተለያየ መንገድ ስለ ሄዱ ሁለት ጸሐፊዎች ነው። ከተማይቱ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በኤሪ ሐይቅ ዳር ያለችው ክሊቭላንድ ናት፤ ጸሐፊዎቹም ጄሪ ሲገልና ሃርቪ ፒካር ይባላሉ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሁለቱም የጻፉት ኮሚክ ለሚባለው የሥዕል መጽሐፍ ነው። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ገጹ በአራት ማዕዘን ክፍሎች ይከፈልና በእያንዳንዱ ክፍል ሥዕልና ንግግር አንድ ላይ ይገባል፤ አንባቢውም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተሻገረ ታሪኩን ይከታተላል። በአገራችን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በተከፋፈሉ ሥዕሎች በሸራ ላይ የሠሩትን ሠዓሊዎች ሥራ ያየ ሰው የአሠራሩን ስልት ለመረዳት አይቸገርም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚጽፈውና የሚሥለው ሁልጊዜ አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። መሣል የማይችል ጸሐፊ የሌላውን እጅ መለመን ወይም መግዛት አለበት። ስለዚህ የኮሚክ ጸሐፊ ከልብ ወለድ ደራሲ ይልቅ ጥገኝነት ይበዛበታል፤ ወረቀትና ብዕር ብቻ ይዞ መጽሐፉን ሊፈጽም አይችልምና።

ጄሪ ሲገል የተወለደው በ1914 ዓ.ም. ነው። በክሊቭላንድ የግሌንቪል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ጆ ሹስተር ከሚባል ወጣት ሠዓሊ ጋር ወዳጅነት መሠረተ፤ ሲገል ይጽፋል፣ ሹስተር ይሥላል። በ1933 ዓ.ም. ራሳቸው በማባዣ መኪና እያባዙ በሚያወጡት ትንሽ መጽሔት ላይ ሱፐርማን የሚለውን ስም ተጠቀሙበት። በዚያ ታሪክ ስሙን የተሸከመው ክፉ ሰው ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ለተጠቃ የሚቆም ኃያል አደረጉት። ለብዙ ዓመታት ለአሳታሚዎች ቢያቀርቡት የሚቀበላቸው አጡ። በመጨረሻ በ1938 ዓ.ም. አንድ አሳታሚ 13 ገጽ ተቀብሎ፣ በየገጹ 10 ዶላር አስቦ፣ 130 ዶላር ከፈላቸው። በፈረሙት ወረቀት ላይ ግን የሱፐርማን መብት ሁሉ ለዘወትር የአሳታሚው እንዲሆን ተጽፎ ነበር።

ሱፐርማን በዚያው ዓመት «አክሽን ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ በጋዜጣ፣ በራዲዮና በሲኒማ ዝናው ተሰራጨ። ሲገልና ሹስተር ለሠሩት ሥራ ክፍያ ይቀበሉ ነበር እንጂ የፈጠሩት ሰው ባለቤቶች አልነበሩም። በ1947 ዓ.ም. አሳታሚውን ከሰሱ፤ በ1948 ዓ.ም. 94,000 ዶላር ያህል ተቀብለው ክርክሩን በስምምነት ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ከሥራው ተለዩ፤ ስማቸውም ከሱፐርማን ታሪኮች ላይ ጠፋ። በ1970ዎቹ ዓመታት ሲገል በካሊፎርኒያ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ተቀጥሮ ይኖር ነበር፤ ሹስተርም የዓይኑ ብርሃን ደክሞ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ስለ ሱፐርማን ትልቅ ፊልም ሊሠራ መሆኑ በተሰማ ጊዜ ሲገል አቤቱታውን ለጋዜጦች ጽፎ ላከ፤ ሠዓሊዎችም ከጎኑ ቆሙ። ከዚህም የተነሣ ድርጅቱ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ሊከፍልና ስማቸውን ሊመልስ ተስማማ። ይህ ሲሆን ከፊርማው ቀን ጀምሮ 37 ዓመት አልፎ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሰምተህ ነገሩን በአንድ ሰው ክፋት ብቻ አትተርጉመው። በዚያ ዘመን የኮሚክ መጽሔት ይሸጥ የነበረው በየመንገዱ ባሉ የጋዜጣ መሸጫዎች ነው፤ ሻጩ ያልተሸጠውን ቅጂ ስለሚመልስ ኪሣራው በአሳታሚው ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ኪሣራ ሊሸከም የሚችል ብዙ ገንዘብና የማከፋፈያ መረብ ያለው ድርጅት ብቻ ነበር። ጸሐፊው ከድርጅቱ ውጭ ወደ አንባቢ የሚደርስበት በር ስላልነበረው፣ በሩን የያዘው ሰው ያቀረበለትን ወረቀት ይፈርማል። እንግዲህ ደራሲው የተሸነፈው በብዕር ጉድለት ሳይሆን በመንገድ እጦት ነው።

መንገዱ መከፈት የጀመረው በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የነበሩ ወጣት ሠዓሊዎች ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ውጭ የራሳቸውን ኮሚክ እያሳተሙ፣ የደራሲነት መብታቸውንም በእጃቸው እያስቀሩ፣ በጋዜጣ መሸጫ ሳይሆን በልዩ ልዩ ሱቆች ይሸጡ ጀመር። ከእነርሱም ዋነኛው ሮበርት ክራም ነበር። ቀጥሎም በ1970ዎቹ ዓመታት ኮሚክ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች በዙ፤ እነዚህ ሱቆች ላይመልሱ ተስማምተው፣ በምትኩ ከፍ ያለ ቅናሽ እያገኙ ይገዙ ነበር። የታዘዘው ቁጥር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰውም ሳይከስር ለማሳተም ተስፋ አገኘ።

ሃርቪ ፒካር በዚህ በር ከገቡት አንዱ ነው። በ1939 ዓ.ም. ከፖላንድ ከቢያሊስቶክ ከመጡ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ፤ አባቱ የሸቀጥ ሱቅ ነበረው። በ1957 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ሳይፈጽም ተወው። ከ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ አንሥቶ በክሊቭላንድ ባለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠረ፤ እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስም ከዚያ ሥራ አልወጣም። የደረጃ ዕድገት ቢቀርብለትም አልተቀበለም። ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለ ጃዝ ሙዚቃ ሒስ እየጻፈ ለመጽሔቶች ይልክ ነበር፤ የጃዝ ሸክላዎችንም ይሰበስብ ነበር። ሮበርት ክራምን በ1962 ዓ.ም. ያወቀውም በዚሁ በሸክላ ፍቅር ነው፤ ክራም በዚያን ጊዜ በክሊቭላንድ የመልካም ምኞት ካርድ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር።

ፒካር መሣል አይችልም። በ1972 ዓ.ም. ግን ገጹን በክፍል በክፍል ከፍሎ፣ ሰዎቹን እንደ ሕፃን ሥዕል በቀጭን መስመር ብቻ አቁሞ፣ ንግግራቸውን ከላያቸው ጽፎ ለክራም አሳየው። ክራምም አንብቦ እሥለዋለሁ አለ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1976 ዓ.ም. ፒካር «አሜሪካን ስፕሌንደር» ብሎ የሰየመውን ኮሚክ የመጀመሪያ ቁጥር በራሱ ገንዘብ አሳተመ፤ ትርጓሜው «የአሜሪካ ግርማ» ማለት ነው። አስተውሉ፤ ይህ የሆነው የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጡረታ ከተወሰነላቸው ማግስት ነው።

በስሙ ግርማ ይኑር እንጂ በመጽሔቱ ውስጥ ኃያል ሰው የለም። ያለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ጨዋታ፣ በገበያ ተራ ሲጠብቁ የሚሰማ ብስጭት ነው። ከታወቁት ታሪኮቹ በአንዱ አንድ ሰው ፊቱን ወደ አንባቢው አዙሮ፣ በስልክ ማውጫ ውስጥ የእርሱ ሞክሼዎች ስለ መኖራቸው ይናገራል፤ ከገጽ ገጽ የሚታየው ያው ፊት ብቻ ነው። ነገር ግን አንባቢው እስከ መጨረሻ ሲደርስ ስም ምንድር ነው፣ ሰውስ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይቀራል። ፒካር ያሳየው ነገር ይህ ነው፤ ከሥዕል መጽሐፍ ጋር ተጣብቆ የነበረው ተአምር ቢወገድም የተራው ሰው ቀን ራሱ ለድርሰት እንደሚበቃ አስረዳ።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። የሠዓሊዎቹና የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ከመዝገብ ቤት ደመወዙ ይወጣ ነበር፤ በብዙ ዓመታትም ያወጣውን አልመለሰለትም። የሚያሳትመው በዓመት አንድ ቁጥር ያህል ብቻ ነበር፤ እስከ 1990 ዓ.ም. 15 ቁጥሮች በራሱ አሳታሚነት ወጡ። የኋላ ባለቤቱ ጆይስ ብራብነር በዴላዌር የኮሚክ ሱቅ በሽርክና ትይዝ ነበርና፣ አንድ ቁጥር ከሱቋ ስላለቀባት ደብዳቤ ጽፋለት ተዋወቁ፤ በ1984 ዓ.ም. ተጋቡ። በ1986 ዓ.ም. ትልቅ አሳታሚ ታሪኮቹን ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣለት፤ በ1987 ዓ.ም. የአሜሪካ የመጽሐፍ ሽልማት ተሰጠው። በ1990 ዓ.ም. በካንሰር ታመመ፤ ይህንንም መከራ ከባለቤቱ ጋር ጽፈው በ1994 ዓ.ም. አሳተሙት። በ2003 ዓ.ም. ሕይወቱ በፊልም ተሠራ። እርሱም በ2010 ዓ.ም. ዐረፈ።

ሁሉ ሰው እንደ ፒካር ሊሆን ይገባዋል አንልም። ካናዳዊው ዴቭ ሲም «ሴረበስ» የተባለውን ኮሚክ ከ1977 እስከ 2004 ዓ.ም. 300 ቁጥር ድረስ ራሱ አሳትሟል፤ ሥራውም ራሱ መተዳደሪያው ሆኖለታል። ሲም ግን ራሱ ጽፎ የሚሥል ሰው ነበር። ጸሐፊ ብቻ የሆነ ሰው ሌላ ምርኩዝ ይፈልጋል፤ የፒካር ምርኩዝ ደመወዙ ነበር።

ይህ ነገር በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ መካከል ለምንውል ለእኛ በእጅጉ ይነካናል። ማታ ብዕር አንሥቶ «ይህ ሥራ ባይዘኝ ኖሮ ደራሲ በሆንኩ» ብሎ ያልተከዘ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ደመወዝ ሰውን እንደሚያስተኛ አንክድም፤ ወር በገባ ቁጥር የሚመጣ ገንዘብ የብዙ ሰው ብዕር አዶልዱሟል። ነገር ግን የሁለቱ የክሊቭላንድ ሰዎች ታሪክ ሌላውንም ገጽ ያሳየናል። ሲገል በድርሰቱ ብቻ ሊኖር ፈለገ፤ ስለዚህ በቸገረው ቀን የቀረበለትን ወረቀት መፈረም ግድ ሆነበት፤ በስተርጅናውም ወደ ጽሕፈት ሥራ ተመለሰ። ፒካር ከጽሕፈት ቤቱ ሳይወጣ ጀመረ፤ እንጀራው ከሌላ ስለሚመጣ ድርሰቱን በችኮላ እንዲሸጥ የሚያስገድደው አልነበረም። አንዱ ሲታመም ሌላው የሚደግፈው ሁለት እግር ነበረው።

እንግዲህ የሚጽፍ ሰው የዕለት ሥራውን እንደ ጠላት ባያየው መልካም ነው፤ የሚጽፈውንም ከዚያው ከዕለት ሥራው ሊያገኘው ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ያንብብ። የ130 ዶላር ደስታ ለጥቂት ወራት ይበቃ ይሆናል፤ ፊርማው ግን ለዕድሜ ልክ ነው።