«ጤዛ» እና የእናቴ ዝምታ

እናቴ የፊልም ሙዚቃ ነገር አይዋጥላትም። «ሰው እያወራ ምን ያንጫርርበታል?» ትላለች። ደብረ ታቦር፣ እቤታችን፣ «ጤዛ»ን አብረን ስናይ ግን እንዲህ አላለችም። ወጣቶቹ አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫን አድርጋ ጸጥ አለች።

ፊልሙ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ታሪኩን ያስቀመጡት ጣና አካባቢ ነው። ባለታሪኩ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። በእኛ አቆጣጠር 1982 እና 83 መሆኑ ነው። በ1982 ደግሞ ጦርነቱ ደብረ ታቦርንና የጉናን ዙሪያ ያመሰበት ዘመን ነበር።

ሙዚቃውን የደረሱት ሁለት የጃዝ ሰዎች ናቸው፤ የ«ውዳሴ» ባንድ መሥራች ሳክስፎኒስቱ ጆርጋ መስፍንና ትውልዱ ከሕንድ የሆነው አሜሪካዊ ፒያኒስት ቪጄይ አየር። ከመድረክ ወደ ፊልም መሻገር የእነርሱ ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሬዲዮሄድ ጊታሪስት ጆኒ ግሪንውድም እ.ኤ.አ. በ2007 «ዜር ዊል ቢ ብለድ» ለተባለው ፊልም የሚያስጨንቅ ሙዚቃ ደርሷል። መድረክ ላይ ሙዚቀኛ ራሱን ያሰማል፤ ፊልም ላይ ግን የሌላውን ሰው ቅዠት መሸከም አለበት። የአንበርብር ትዝታ የተቆራረጠ ነው፤ ታሪኩም ከመንደር ወደ ጀርመን፣ ከዛሬ ወደ ትናንት ይዘላል። ለእኔ ጆሮ ሙዚቃው ያን ስብራት አይጠግንም፤ እንደ ቁስል ክፍት ይተወዋል። የሚያስፈራውም ለዚህ ይመስለኛል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የወርቅ ፈረሱን አግኝቷል። ሙዚቃውም በ2008 ዱባይ ላይ ተሸልሟል።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን የትኛው ጦር የትኛውን ከተማ መቼ እንደያዘ ይቆጥራሉ። ከገበያ የታፈሰውን ልጅ፣ ደጅ ደጁን እያየች ያረጀችውን እናት ማን ይቁጠር? እነዚህ ሰዎች ከመዝገብ ይልቅ በዝምታ ውስጥ ነው ያሉት። ዝምታን ደግሞ ከሙዚቃ በላይ የሚያውቀው የለም።

ፊልሙ አልቆ ቴሌቪዥኑን ሳጠፋ እናቴ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ቆይታ፣ «ወንድሜንም ከገበያ ነው የወሰዱት» አለች። ወንድም እንደነበራት አላውቅም ነበር። ስሙን ጠራችልኝ፤ ከዚያ ቡና አፈላች።